ፀረ እንግዳ

ማንኩሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአምለሰት፣

የናፍቆቴን ልክ ይህች ወረቀት ስለማትችለው፣ እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ብቻ ልለፍ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። እናትሽም ደህና ናት።

የቀበሌያችን ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ሁላችንም ወደ ጥንቱ ተመልሰናል። እኔ እንኳ ብዙም አልከፋኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር ኖሬ፣ ራሴ የምጽፍለት ሰው አጥቼ ነበር። ይህችን ይዤ ፍኖተ ሰላም ፖስታ ቤት ድረስ እሄዳለሁ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ "ፊንላንድ በየት በኩል ነው?" ብላ እንዳትጠይቀኝ እየጸለይኩ ነው፤ አስተማሪ ሆኖ አላውቅም ማለት ያሳፍራል።

ጤፉ ዘንድሮ ደህና ይዟል። በቆሎው ማዳበሪያ ዘግይቶበት አጠር ብሏል። ሰንበቴ ላይ ሰዎች ስለ አንቺ ይጠይቁኛል። "አንጎል ትመረምራለች" እላቸዋለሁ። "የማንን?" ይሉኛል። "የአይጥ" ስላቸው ወሬው ይቀዘቅዛል። እስቲ ደረቴን ነፍቼ የምናገረው አድርገሽ ሥራሽን ጻፊልኝ።

እናትሽ "አምለሰት መቼ ነው የምትመጣው?" ትለኛለች። "ለፋሲካ" እላታለሁ፤ ደስ ይላታል። ደስ ካላት በኋላ ደግሞ "አምለሰት መቼ ነው የምትመጣው?" ትለኛለች። ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስት ጊዜ ደስ አሰኘኋት። ባለፈው ሰሞን ደግሞ የጎረቤት ወንፊት ልትመልስ ይዛ ሄደች፤ ተጫውታ፣ ወንፊቱን እንደያዘች ተመለሰች። ሳቅንባት፣ እሷም ሳቀች። ዕድሜ ነው እንግዲህ።

ከቻልሽ የማንበቢያ መነጽር በሰው እጅ ላኪልኝ። የድሮው አንድ ዓይኑ ወልቋል፤ ዓለምን በግማሽ እያየሁ ነው።

በሄድሽበት ሁሉ ቀድሞሽ የሚገኝ አምላክ አይለይሽ።

አጎትሽ ይሄይስ


ቱርኩ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ይሄይስ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ? ደብዳቤዎ ሁለት ወር መንገድ ላይ ከርሞ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታውን ስከፍተው የቤታችን የጭስ ሽታ የሸተተኝ መሰለኝ። እዚህ ቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ነግቶ አሥር ሰዓት ላይ ይመሻል፤ የእርስዎን ጽሑፍ በመብራት ነው ያነበብኩት። ስለ ወንፊቱ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሥራዬን ልንገርዎ። አንጎላችን ውስጥ አንድ ኢንዛይም አለ። ስሙ ረጅም ስለሆነ ለሰንበቴ አይመችም፤ ሥራው ግን ቀላል ነው። አንድ ነገር ስናይ ወይም ስንሰማ ካልሲየም ወደ አንጎል ሕዋስ ይገባል፤ እርስዎ ለአጥንት ይጠቅማል ብለው ያስተማሩን ካልሲየም ራሱ። ሲገባ ያን ኢንዛይም ይቀሰቅሰዋል። የሚገርመው፣ ካልሲየሙ ወጥቶ ከሄደ በኋላም ኢንዛይሙ ነቅቶ ይቆያል። እንግዳው ከሄደ በኋላ ስለ እንግዳው ሲያወራ እንደሚያመሽ ቤት ማለት ነው። አንድን ነገር ይዘን የምናስቀረው በዚህ መንገድ ነው ብለው ብዙዎች ያምናሉ።

ይህን ኢንዛይም በዓይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ የሚያውቀውን ነገር እንልክበታለን። የሚያዘጋጀው ድርጅት ሰዎች ከኢንዛይሙ ቁራጭ ወስደው በመርፌ ጥንቸል ይወጋሉ። የጥንቸሏ ደም "ይህ ከእኔ ወገን አይደለም" ብሎ የሚለይ ዘብ ያበጃል። ዘቡ በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል ይባላል። ከደሟ አጣርተው ጣት በምታህል ጠርሙስ ይልኩልናል። እኔ ደግሞ በስሱ በተቆረጠ የአይጥ አንጎል ላይ አፈሰዋለሁ። ከብዙ ሺህ ነገር መካከል የሚያውቀውን ፈልጎ ይለጠፍበታል፤ ቀለም ሲጨመርበት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ጋሼ፣ ቢያዩት! በጥቅምት የመስክ አበባ የሞላበት ማሳ ይመስላል።

አንድ ነገር ግን አለ። ዘቡ ኢንዛይሙን ሙሉ በሙሉ አያውቀውም። የሚያውቀው አንዲት ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። ያቺ ምልክት በኬሚካል ከተበላሸች አጠገቡ ደርሶ ሳያውቀው ያልፋል።

ጠርሙሷ ልታልቅ ነው። ከማለቋ በፊት የቀረኝን ሥራ መጨረስ አለብኝ። ከፋሲካ በፊት ከተሳካልኝ እመጣለሁ። መነጽሩን እየፈለግሁልዎ ነው። እማዬን ጉንጯን ሦስት ጊዜ ይሳሙልኝ።

ልጅዎ አምለሰት


ማንኩሳ፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአምለሰት፣ ለጥንቸሎች እመቤት፣

ጾሙን እንዴት ያዝሽው? እኛ በሽሮና በጎመን ጸንተናል።

ደብዳቤሽን ሰንበቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ካልሲየም ላይ ዝም ብለው ሰሙኝ። "ፀረ እንግዳ" ስል መሪጌታ ክንፈሚካኤል የያዙትን ጽዋ አስቀመጡ። ፀር ማለት ጠላት መሆኑን አንቺም አታጪውም። "የእንግዳ ጠላት የሚባል ነገር ከእኛ አገር ልጅ እጅ እንዴት ተገኘ? በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል እንጂ ፀር ይቆምበታል?" አሉ። እኔም ተነሥቼ "መሪጌታ፣ እንግዳውን ለይቶ የሚያውቅ ማለት ነው፤ ማን እንግዳ ማን ቤተኛ እንደሆነ ሳይለዩ የማንን እግር ያጥቧል?" ብዬ ተሟገትኩልሽ። ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም ተረቱ። አሁን ስምሽ በደብሩ ሁሉ ተጠርቷል።

ለእናትሽም ለብቻዋ አነበብኩላት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና "ጥንቸሏስ የወጓትን ታስታውሰው ይሆን?" አለች። ይህን ጥያቄ ለአለቆችሽ አቅርቢልኝ።

አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ትቆማለች። ቡሬ ተከራይተሽ ትማሪ በነበረ ጊዜ ስንቅሽ ሲያልቅ በእግርሽ ስትመጪ የምትጠብቅሽ እዚያ አልነበር? ምነው ስላት "ነፋስ ልቀበል" ትለኛለች። እኔም ነፋሱ ደግ ነው ብዬ እተዋታለሁ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚህ አንድ የማውቀው ሰው መርሳት እየበዛበት ነው። እንደምታውቂው ገበሬ ፀረ አረም ሲረጭ አረሙ ይጠፋል፤ ፀረ ተባይ ሲረጭ ተባዩ ይጠፋል። የአንቺ ፀረ እንግዳም ያንን ኢንዛይም ከተኛበት ፈልጎ የሚያገኘው ከሆነ፣ ካገኘው ቢቀሰቅሰውስ? ከጠርሙሷ የተረፈች ጠብታ ብትኖር፣ አንዲት ጠብታ፣ በሰው እጅ ብትልኪያት? መነጽሩ ይቅር። በግማሽ ማየቱን ለምጄዋለሁ።

ለፋሲካ በጉን አስረን እንጠብቅሻለን።

አጎትሽ ይሄይስ


ቱርኩ፣ ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ይሄይስ፣

በምን አፌ ሰላም ልበልዎ? ፋሲካ አለፈ፣ እኔም ቀረሁ። በጉን አስራችሁ መጠበቃችሁን ስንት ጊዜ አሰብኩ። እማዬ ምን አለች? አልጠይቅዎ፤ መልሱን እፈራዋለሁ።

የቀረሁበትን ልንገርዎ። አሮጌዋ ጠርሙስ ተሟጠጠች። ከዚያው ድርጅት፣ በዚያው ስምና በዚያው ቁጥር አዲስ አስመጣን። አዲሷ ግን እንደ አሮጌዋ አታበራም። እዚህም እዚያም ነጠብጠብ ታደርጋለች እንጂ ያ ማሳ የመሰለው ብርሃን የለም። ምን ነካችሁ ብዬ ብጽፍ "የመጀመሪያዋ ጥንቸል ሞታለች፤ ይህ ከሌላ ጥንቸል የተወሰደ ነው" ብለው መለሱልኝ። ጋሼ፣ የአራት ዓመት ሥራዬ በሞተችው ጥንቸል ላይ የቆመ ነው። ከእሷ ጥቂት ጠብታ አስቀርቻለሁ። በእሷና በአዲሷ መካከል ማን ልክ እንደሆነ ፈትኜ ካላረጋገጥኩ ሥራዬን አይቀበሉኝም። አሁን ጥዬው ብመጣ ሁሉም ነገር ይበተናል። ለመስቀል ግን በእርግጥ እመጣለሁ።

ስለጠየቁኝ ጠብታ፣ ባደርገው ምንኛ በወደድኩ። ግን መድኃኒት አይደለም። ያሳያል እንጂ አያድንም። የምናፈሰውም በሞተ አንጎል ላይ ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ምንም አይረባውም። ሰውየውን ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቢያዩት ይሻላል። ከቤት ርቆ ብቻውን እንዳይሄድ፣ የለመደውን ነገር ከቦታው እንዳትለውጡበት። ስሙን ባላውቀውም እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክለት።

መነጽሩን ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ሙሉውን ዓለም ይዩበት።

ልጅዎ አምለሰት


ማንኩሳ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአምለሰት፣

ፍልሰታን ጾመን ፈታን። መነጽሩ ደርሶኛል፤ ተባረኪ። ዛሬ ቀልድ የለኝም።

ያ ሰው እናትሽ ናት።

ሐኪም ዘንድ ወስጃታለሁ። የሚመልሰው መድኃኒት የለም አለኝ፣ እንዳንቺው። ቀድሜ ያልነገርኩሽ ትምህርትሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ፈርቼ ነው፤ እሷም ገና ሲጀምራት "ለልጄ እንዳትነግራት" ብላ አስምላኛለች። መሐላውን ላለማፍረስ ዙሪያውን እየዞርኩ ጻፍኩልሽ። የመርሳትን ነገር የምታጠና ልጅ ወንፊቱን ስትሰማ ይገባታል፣ ዋርካውን ስትሰማ ይገባታል ብዬ ነበር። አንቺ ግን ሳቅሁ ብለሽ ጻፍሽልኝ። አልቀየምኩሽም። ቅኔ አሳምሬ የጻፍኩ መስሎኝ ሰሙን ብቻ አሳይቼ ወርቁን ቀብሬብሽ ከሆነ፣ ጥፋቱ የባለቅኔው ነው።

አሁን የምነግርሽን ሰምተሽ ፍረጂብኝ። የጎረቤታችን የስመኘው ልጅ ያምሮት ቡሬ ትማራለች። ሰኞ ትሄዳለች፣ አርብ ትመጣለች። አርብ ከሰዓት በኋላ በዚያው በአንቺ መንገድ በእግሯ ስትመጣ እናትሽ ከዋርካው ሥር አየቻትና "አምለሰቴ!" ብላ አቀፈቻት። ልጅቱ ደንግጣ "ኧረ እኔስ ያምሮት ነኝ፣ እማማ አቻምየለሽ" አለቻት። እናትሽ ያን ዕለትና ቅዳሜን ሙሉ አለቀሰች። የምታለቅስበትን ረስታ ሁሉ አለቀሰች። በሚቀጥለው አርብ ያምሮትን መንገድ ላይ ጠበቅኋትና "ስትጠራሽ አቤት በያት" አልኳት። ይኸው አራት ወር ሆነ፣ ትምህርት ከተዘጋም ወዲህ አርብ አርብ ዋርካው ሥር እየመጣች አቤት እያለቻት ነው። እናትሽ ተረከዟን ቅቤ ትቀባታለች፤ ልጅቱም ዝም ብላ ትቀባለች። ኃጢአቱ የእኔ ነው፤ በእሷ እንዳትፈርጂ።

ስምሽ እስከ ዛሬ ከአፏ አልወደቀም። ፊትሽን ግን እስከ መቼ እንደምትይዘው አላውቅም።

ምንም አትላኪልኝ። ነይ።

ይሄይስ


ቱርኩ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣

የነሐሴው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥቅምት 30 ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ መስቀልም አልፎ ነበር። ለመስቀል ያልመጣሁት ያንን ፈተና ልጨርስ ብዬ ነው። ጨረስኩት። ውጤቱን ከእርስዎ በፊት ለማንም አልጻፍኩትም።

ያ ኢንዛይም ጭራሽ የሌለባቸው አይጦች አሉ፤ ለእንዲህ ያለ ፈተና የሚረቡ ናቸው። በእነሱ አንጎል ላይ ፀረ እንግዳው የሚያውቀውን ስለማያገኝ ምንም ማብራት የለበትም። ከሞተችው ጥንቸል የቀረችኝን ጠብታ አፈሰስኩበት። አበራ። ያው ማሳ፣ ያው አረንጓዴ። ኢንዛይሙ በሌለበት አንጎል ላይ! ጋሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያደነቅሁት ብርሃን የሌላ ነገር ብርሃን ነበር። ሌላውን እያቀፈ የእኛው ነው ይለኝ ነበር፣ እኔም አምነው ነበር። ከዚያ ምንም አታውቅም ብዬ የወቀስኳትን አዲሷን አፈሰስኩ። እሷ ጨለማውን ጨለማ አለችው። እውነተኛዋ እሷ ነበረች።

ይህን ፈተና በመጀመሪያው ዓመት ማድረግ ነበረብኝ፤ የማንኛውም ተማሪ ግዴታ ነው። ብርሃኑ በጣም ስላማረኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ተውኩት።

ደብዳቤዎችዎን መልሼ አነበብኳቸው። ሁሉም ተጽፎልኝ ነበር። ሦስት ጊዜ የተጠየቀው ጥያቄ፣ ወንፊቱ፣ አርብ፣ ዋርካው። መርሳት ሙያዬ ሆኖ "ያ ሰው ማን ነው?" ብዬ አንድ መስመር አልጠየቅሁዎትም። ቅኔዎ ጥፋት የለበትም። ወርቁን ያየሁት ይመስለኛል፤ ካየሁት መምጣት ሊኖርብኝ ነው፣ ስለዚህ አላየሁም አልኩ። በሌላ ሰው ስም ምሕረት ለምኜ ፖስታውን ዘጋሁ። ይህን ለራሴም ይቅር ማለት አልቻልኩም።

በያምሮት አልፈርድም፤ በእርስዎም አልፈርድም። እኔ የሌለሁበትን አርብ ሁሉ እሷ ነበረችበት።

ቲኬት ቆርጫለሁ። ከአዲስ አበባ በመኪና እመጣለሁ። ጥር 9 ቀን፣ አርብ፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ይጠብቁኝ። ጥምቀትን አብረን እንውላለን። እስከዚያ ስሜን ደጋግመው ይጥሩላት።

አምለሰት


ቱርኩ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ይሄይስ፣

በሰላም ገባሁ፤ ይህን ለመጻፍ ግን ከወር በላይ ፈጀብኝ። ስለ ሸኙኝ፣ እስከ መጨረሻው መኪናው መስኮት ሥር ስለ ቆሙልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አሥራ ሁለት ቀን አብረን ስንኖር፣ በመጣሁበት ቀን ዋርካው ሥር ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኩዎትም። የአዲስ አበባው መንገድ ሲዘጋብኝ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ገብቼ በቡሬ በኩል መጣሁ፤ እርስዎ ፍኖተ ሰላም ከመናኸሪያው በር ላይ በፀሐይ ሲጠብቁኝ፣ እኔ ማንኩሳ ላይ ወርጄ በእግሬ እየሄድኩ ነበር። ስለዚህ አላዩም። ልንገርዎ፤ ለብቻዬ መሸከሙ ከብዶኛል።

ከሩቅ አየኋት። ያ የጥንት ነጠላዋ፣ እጇ ግንባሯ ላይ። መንገድ መንገድ ታያለች። አርብ ነበርና እኔን እየጠበቀች ነው፤ እኔ ደግሞ መጣሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያሰብኩት ያ ነበር። ሻንጣዬን ጥዬ እየሮጥኩ ደረስኩ። አየችኝ። ፊቴን በደንብ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለችና "ይግቡ" አለችኝ።

ጋሼ፣ እናቴ በሕይወቴ እርስዎ ብላኝ አታውቅም። ስትቆጣኝም አንቺ ነበርኩ፣ ስትረግመኝም አንቺ ነበርኩ። "ይግቡ፣ ይረፉ። ልጄ ኸቡሬ እየመጣችልኝ ነው፣ ተቀብያት እመጣለሁ" ብላ አጠገቤን አልፋ ሄደች። ዞር ስል ያምሮት ከኋላዬ እየመጣች ነበር። "አምለሰቴ፣ ዛሬስ አመሸሽብኝ" ብላ አቀፈቻት። ያምሮት በእናቴ ትከሻ ላይ ሆና አየችኝ፤ ከፎቶ ታውቀኛለች። አፏ ተከፈተ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ልጅቱ ትለቃት ነበር። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ዝም በይ አልኳት። "አቤት፣ እማዬ" አለች።

ቤት ስንገባ ውሃ አሞቀች፣ ሳፋ አመጣች። እኔ ልታጠብ ብላት "ነውር ነው፣ እንግዳ ኾነው!" አለችኝ። እናቴ ተንበርክካ የእኔን እግር አጠበች። እንዴት እንደታገሥኩ አላውቅም። ተረከዜን በመዳፏ ይዛ ቆየች። "ጫማ የለመደ እግር ነው" አለችኝ። "የኔ ልጅ ተረከዟ ንቃቃት ነው። ኸቡሬ በእግሯ ስትመጣ ቅቤ እቀባላታለሁ።" ዘቡ የሚያውቀው አንዲት ትንሽ ምልክት ብቻ ነው፣ እሷ ከተበላሸች ሳያውቀው ያልፋል ብዬ ጽፌልዎ ነበር። የእኔን ምልክት በካልሲና በቅባት አጥፍቼዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ስሜን ነገርኳት። አምለሰት እባላለሁ አልኳት። ፊቷ በራ። "እንዴ! የልጄ ሞክሼ ነዎት!" ብላ ደስ አላት። ከዚያ በኋላ እስክሄድ ድረስ ስለ ልጇ አጫወተችኝ። እንደዚያ እንደምትወደኝ አላውቅም ነበር። ይህን ያወቅሁት ባዳ ሆኜ ነው።

በፊት ብመጣ ታውቀኝ ነበር። ለፋሲካ ብመጣ፣ ምናልባት ለመስቀል እንኳ ብመጣ። ለማይረባ ብርሃን ብዬ ቀረሁ።

ያምሮትን አመስግኑልኝ። አቤት ማለቱን አትተው።

አምለሰት


ማንኩሳ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአምለሰት፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ዋርካው ሥር ሄጄ ቆምኩ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። እኔ መሐላ ጠብቄ ጊዜሽን በላሁት፤ አንቺ ጠርሙስ ጠብቀሽ ጊዜዋን በላሽው። ጥፋቱን ብቻሽን ይዘሽው አትሂጂ፣ ግማሹ የእኔ ነው።

ያምሮት ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተዳረች። ባሏ አዴት ነው፣ ወደዚያው ሄደች። ስትሰናበት እናትሽን አቅፋ ብዙ አለቀሰች። አሁን አርብ አርብ አቤት የሚል የለም። እናትሽ ትቆማለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እጇን ይዤ አስገባታለሁ።

ስንቱን ረስታ ግን እንግዳዋን አልረሳችም። የእኔን ስም እንኳ አንዳንድ ቀን ትስታለች፤ "እንግዳዋ" ማለት ግን አልተወችም። እንግዳው ከሄደ በኋላ ሲያወራ የሚያመሽ ቤት ብለሽ ጽፈሽልኝ አልነበር? እኛ ቤት ይኸው አራት ወር ሊሆነው ነው።

ትናንት አርብ ከዋርካው ስትመለስ "ወረቀት አምጣ፣ ቡሬ ላለችው ልጄ ጻፍልኝ" አለችኝ። እኔም ተቀምጬ ያለችውን ጻፍኩ። አስተማሪ ነኝና እጄ ለማረም ቃጥቶት ነበር፤ ከለከልኩት። ቃሏ ይኸው፦

"ልጄ አምለሰት፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደኅና ነኝ። ኻየሁሽ አራት አርብ ሆነ። ጫማሽ ተበጥሶ ይሆን? ስንቅ አልቆብሽ ይሆን?

"አንዲት እንግዳ መጥተው ነበር። አገራቸው ሩቅ ነው፣ ብርድ ነው አሉኝ። ስማቸው እንዳንች ነው። እግራቸውን አጠብኋቸው። እያጠብኋቸው አለቀሱ። የመንገድ ድካም ነው ብዬ ዝም አልሁ። ኻጠገቤ አይለዩም ነበር። ስለ አንች ባወራሁ ቁጥር 'እሺ ኸዚያስ?' ይሉኛል፤ የሰው ልጅ ወሬ እንዲህ የሚወድ ሰው አይች አላውቅ።

"እናት አለዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አለችኝ አሉኝ። ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ፣ ይኺዱላት፣ ቆማ መጠበቅ ይደክማል አልኋቸው። ሲኸዱ ጉልበቴን ሳሙ። ያሳደገቻቸው ትባረክ።

"አሁን አንችን ልጠይቅሽ። እሳቸው ባዳ ኾነው ኸዚያ ሁሉ አገር ኸመጡ፣ አንችን ኸቡሬ ምን ያዘሽ?

"ቅቤውን አስቀምጨልሻለሁ። አርብ እቆማለሁ።"

ይህ የእሷ ቃል ነው።

ጸሐፊው አጎትሽ ይሄይስ